ሻዩ የመረረበት ቀን

«ጥድፊያ! ፈረሶቹ ተኙ እንዴ?» አሉ አማቴ፣ አንገታቸውን በሰረገላው መስኮት አውጥተው።

የነጂያችን ስም ጥድፊያ አይደለም። በሕይወቱ ተጣድፎ ስለማያውቅ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። «እማማ፣ ካስሮጥኳቸው ብልቃጡ ይሰበርብዎታል፤ ካራመድኳቸው ይረፍድብዎታል። አንዱን ይምረጡ» አለ፣ ዞር እንኳ ሳይል።

«ሳይሰበር ቶሎ አድርሰኝ!»

«እሱን ክንፍ ላለው ይንገሩት።»

አማቴ እያጉረመረሙ ተመልሰው ተቀመጡ። የእንጨት ሳጥናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። ሳጥኑ ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከጡጫዬ የማይበልጥ ብልቃጥ አለ። ብልቃጡ ውስጥ ደግሞ ሻይ ሻይ የሚሸት ዘይት። ለዓይን ምንም አይደለም፤ ቡናማ፣ ወፈር ያለ፣ የመብራት ዘይት ነው ብትባሉ የምታምኑት ነገር ነው። ቤታችን እንዳለ በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሆዴን ይዣለሁ። ሰረገላው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር አንጀቴ ይገለባበጣል።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ነጣ?» አሉኝ።

«ባዶ ሆዴን ስለሆንኩ ነው እማማ። ጥድፊያ ደግሞ ጉድጓድ እየመረጠ ነው የሚነዳው።»

«ሰምቼሻለሁ!» አለ ጥድፊያ ከላይ።

«እንድትሰማ ነው የተናገርኩት!»

ቁርስ ያልበላሁት ረስቼ አይደለም። ዘይት በሚፈተንበት ቀን ክንድ አይበላም፤ የቤታችን ደንብ ነው። ክንድ ማለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይሄን ከእኛ ቤት ውጭ ያለ ሰው አያውቀውምና ላስረዳ። ሽቶ የሚቀምም ቤት አፍንጫና ክንድ ያስፈልገዋል። አፍንጫችን አማቴ ናቸው። እሳቸው ዘይትን ከብልቃጥ አሽትተው አይፈርዱም፤ «ሽቶ የሚቀባው ሰው ነው እንጂ ብልቃጥ አይደለም» ይላሉ። ስለዚህ ዘይቱ እኔ ክንድ ላይ ይቀባል። ቀብተውኝ ሲያበቁ «በይ ሂጂ፣ ኑሮሽን ኑሪ» ይሉኛል። ቤት እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ከባሌ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ዘይቱ ከሙቀቴና ከላቤ ጋር ተዋውቆ ሲረጋ ጠርተውኝ ክንዴን ያሸቱና «መራራው ይጨመር» ወይም «ሰሙ ይቀነስ» ይላሉ። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ከቤታችን የወጣ ዘይት ሁሉ የተመዘነው በእኔ ቆዳ ነው። ለዚህ ሲባል ሽንኩርት አልቀምስም፣ ምድጃ አጠገብ አልቆምም፣ ጭስ ካየሁ እሸሻለሁ። ባሌ «እኔ እኮ ያገባሁሽ ለዓይንሽ ስል ነው» ሲለኝ እስቅበታለሁ። እናቱ ለክንዴ ብለው እንደመረጡኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከእኔ በፊት ክንድ የነበረችው የባሌ ታላቅ እህት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ አማቴ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክር የተጠለፈበት ነጭ ጨርቅ አውጥተው፣ ቤተሰቡ ሁሉ እያየ ክንዷን ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ጠቀለሉላት። ክንድ የሆነች ሴት ስታረግዝ ክንዷ ይታሰራል፤ ልጇ ጡት እስኪጥል ድረስ ዘይት አይነካትም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ለክብሯና ለእረፍቷ ይመስለኝ ነበር። እኔ በእሷ ቦታ ገባሁ፣ እሷ ልጅ በልጅ ላይ ወለደች፣ የእኔ ክንድ ግን አንድም ቀን ሳይታሰር ዓመት ዓመትን እየተካ ሄደ። ጎረቤት ጠየቀኝ፣ ዘመድ ጠየቀኝ፣ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ሳትቀር ጠየቀችኝ። ያልጠየቁኝ አማቴ ብቻ ናቸው። ጨርቁንም ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ዝምታቸውን ተስፋ እንደ መቁረጥ ነበር የቆጠርኩት፤ ከሌሎቹ ጥያቄ ሁሉ ይበልጥ የሚያመኝም እሱ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልዕልቲቱ በማግስቱ ማለዳ ባሕር ተሻግራ፣ አይታው ለማታውቅ ሰው ልትዳር ትሄዳለች። እሷና እናቷ ንግሥቲቱ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ መስኮት ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ እናትየዋ ስኳር የሚባል ሳያስነኩ፣ ልጅየዋ ስኳሩ ከሲኒው ሥር እስኪዘቅጥ። «ሁለቱን ሲኒ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ክተቱልኝ፤ ልጄ ይዛው ትሂድ» የሚል ነበር የንግሥቲቱ ትእዛዝ።

ትእዛዙን ያመጣልን የዕቃ ቤቱ ሹም ነው። እኛ ጉሮሮ እንለዋለን፣ ሁለት ጊዜ ሳይጠርግ አፉን ስለማይከፍት። የብልቃጦቻችን ክዳን ላይ በቀይ ሰም የምናትመው የግቢ ማኅተም አለን፤ የአማቴ አማት ናቸው የተቀበሉት። ማኅተሙ ካለ ቤታችን ይኖራል። ከሌለ ምድጃችንን አጥፍተን፣ ማሰሮዎቻችንን ሸጠን፣ ሰው ቤት እንቀጠራለን። ጉሮሮ ደግሞ ሽቶ የሚሠራ የእህት ልጅ አለው። «እህም… እህም… ዘይቱ ንግሥቲቱን ካላስደሰተ ማኅተሙ ለሌላ ቤት ይሰጣል። እናንተ እንዳትመላለሱ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ» ብሎን ሄደ። አይ አሳቢ!

ዘይቱ ሲሠራ ብዙ አስቸግሮናል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰሊጥ ዘይት ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይደረግና ማሰሮው ሞቅ ያለ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ የሻይ ቅጠሉ በዘይቱ ውስጥ ይተኛል። ያለውን ሁሉ ሲሰጥ ይጨመቅና ሌላ ቅጠል ይተካል፣ ደግሞ ይጨመቃል፣ ደግሞ ይተካል። ዘንድሮ ታዲያ አማቴ ክንዴን ባሸተቱ ቁጥር «ጣፈጠ!» ይላሉ። ሁለት ጊዜ የተቆላ ቅጠል ጨመሩበት፤ «አሁንም ጣፈጠ!» የመራራ ብርቱካን ልጣጭ ጨመሩበት፤ «ኧረ በፈጠረሽ፣ አንቺ ልጅ ማር ላይ ነው እንዴ ተኝተሽ የምታድሪው?» በመጨረሻ ቁጣቸው ወደ ሻይ ነጋዴው ዞረ። መደብሩ ድረስ ሄደው «ቅጠሉ ላይ ስኳር ነስንሰሃል!» ብለው በሰው ፊት አዋረዱት። ሰውዬው በልጆቹ ማለ። ማን ሊሰማው!

አንድ ቀን ግን ሆነ። ክንዴን አሽትተው ዓይናቸውን ጨፈኑና «በቃ» አሉ። እሳቸው ሌላ የምስጋና ቃል የላቸውም፤ ይህቺንም የሚሏት ከስንት አንዴ ነው።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መጀመሪያ የበራድ ክዳን ሲነሳ ፊትን የሚመታው እንፋሎት አለ፤ ሞቅ ያለ፣ እርጥብ ቅጠል ቅጠል የሚል። ቀጥሎ መራራው ይመጣል። አፍንጫ ሳይሆን ምላስ ላይ ያረፈ ነው የሚመስለው፤ ምራቅ ያስውጣል። እንዲያውም ፊት ያስጨፈግጋል። «ኤጭ፣ ይሄስ ይቅርብኝ» ልትሉ ስትሉ ጣፋጩ ከሥር ቀስ ብሎ ብቅ ይላል፣ ከቀፎ ገና የወጣ ሰም የሚሸተውን ዓይነት። ከዚያ በኋላ ይሄ መራራ ነው፣ ያኛው ጣፋጭ ነው ብሎ መለየት ቀረ። ሲመሽ ክንዴ ላይ የሚቀረው ደግሞ የባዶ ሲኒ ሽታ ነው፤ አንድ ሰው ጠጥቶ፣ አስቀምጦት፣ ተነሥቶ የሄደ ሲኒ። ባሌ አሽትቶ ዝም አለ። ባሌ ዝም የሚል ሰው አይደለም። እኔ ራሴ ልብስ እያጠብኩ ክንዴን እየደጋገምኩ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ አማቴ አይተው «ሽቶውን ጨረስሽው እኮ» ብለው ቀለዱብኝ። እኒህን ሴት አንዳንዴ በጣም እፈራቸዋለሁ፣ አንዳንዴ እናደድባቸዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን እጃቸውን መሳም ነው የፈለግኩት። ሁለት ሰው የጠጣውን ሻይ ዘይት ውስጥ አስቀምጠዋል፤ እንግዲህ ሌላ ማን ይሄን ይችላል?

ግቢ ስንደርስ መተላለፊያው ሁሉ በሣጥን ተዘግቷል። አንዱ ገለባ ይጠቀጥቃል፣ አንዷ ልብስ ታጥፋለች፣ አንዱ የታጠፈውን ሳያውቅ ይረግጣል። አጋፋሪው በበትሩ ወለሉን መታና «ሽቶ ቀማሚዋ ከነምራታቸው!» ብሎ ጮኸ። ጉሮሮ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

«እህም… እህም… ማኅተሙን ይዘውታል?»

«ሳጥኔ ውስጥ ነው» አሉ አማቴ። «አንተ ደግሞ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳልልህ።»

ንግሥቲቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሁለት ሲኒ አለ፣ ያልተነካ። ልዕልቲቱ አንድ የተከፈተ ሣጥን አጠገብ ተንበርክካ ጓንት ታጥፋለች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለችና በልቤ አንቺ ነው የምላት፣ በአፌ ግን እርስዎ። አማቴ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ፤ እኔም ከኋላቸው።

«እመቤቴ፣ እጅ እነሣለሁ። ያዘዙኝን አምጥቻለሁ።»

በመስታወት ዘንግ መጀመሪያ ልዕልቲቱን፣ ቀጥሎ ንግሥቲቱን አንጓቸው ላይ ቀቡ። እኔንም እንደ ደንቡ ቀቡኝ። ልዕልቲቱ ወዲያው ልታሸት ስትል «አሁን አይደለም እመቤቴ። መጀመሪያ ኑሮዎን ይኑሩ» አሏት።

«ኑሮዬን?» አለች ልዕልቲቱ እየሳቀች። «የትኛውን? የዛሬውን ነው የነገውን?»

ማንም አልሳቀላትም። ወደ ጓንቷ ተመለሰች። ንግሥቲቱ ካፖርት አንሥተው ሣጥኑ ውስጥ ጨመሩ። ልጅቷ አውጥታ ወንበር ላይ አኖረችው።

«እዚያ ይበርዳል» አሉ ንግሥቲቱ።

«እናቴ፣ እስካሁን ያስገቡት ካፖርት ለአንድ መንደር ይበቃል።»

«ይበርዳል እያልኩሽ!»

ካፖርቱ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ አፌን በእጄ ይዣለሁ። አዲስ የተወለወለው ወለል ሽታ ሆዴን ያተራምሰዋል። እዚህ ካስመለስኩ አለቀልን፣ እያልኩ ምራቄን እውጣለሁ።

በመጨረሻ አማቴ «አሁን ይሆናል» አሉ። ንግሥቲቱ አንጓቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ልጃቸውም እንዲሁ። እኔ ፊታቸው ላይ ባሌ ፊት ላይ ያየሁትን ያንን ዝምታ እየጠበቅኩ ነው። ዝምታው መጣ፣ ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

«መራራ ነው» አሉ ንግሥቲቱ። ደግመው አሸተቱ። «መራራ ብቻ ነው። የልጄ ሲኒ የታል?»

«መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አለች ልዕልቲቱ፣ እንደማዘን ብላ።

ማኅተማችን ሄደ፣ አልኩ በልቤ። አማቴ ግን ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። ፈቃድ ጠይቀው የንግሥቲቱን አንጓ አሸተቱ፣ የልዕልቲቱንም አሸተቱ። ከዚያ ቀና ብለው «እውነትዎን ነው። መሯል» አሉ።

ጉሮሮ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «እህም… እህም… እንግዲህ ማኅተሙ…»

ልዕልቲቱ ልቧ ደግ ነው። «ምናልባት ቅጠሉ ይሆናል» አለች። «የዘንድሮ ሻይ ጥሩ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

በር ተከፈተልን ማለት ነው። እኔ ብሆን ዘልዬ ነበር የምገባበት፤ ያ ምስኪን ነጋዴ እንደሆነ አንዴ ተሰድቧል። አማቴ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቅጠሉ ደህና ነው እመቤቴ። ነጋዴውን ያለ ጥፋቱ ነው የሰደብኩት፤ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የተበላሸው በእኔ ቤት ነው።» ሳጥናቸውን ከፈቱ፣ ማኅተሙን አወጡ፣ ከሁለቱ ሲኒዎች መሃል አስቀመጡት። የአማታቸውን ማኅተም እኮ ነው! እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አሁንም ድረስ አላየሁም።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ እስቲ፣ ክንድሽን።»

ሰጠኋቸው። አሸተቱ። ቀና አሉ። ጎንበስ ብለው እንደገና አሸተቱ፣ አሁን ብዙ ቆዩ። ትንፋሻቸው አንጓዬ ላይ ይሞቀኛል። እኔም ከቆምኩበት ይሸተኛል፤ በራዱ፣ መራራው፣ ከሥሩ ማሩ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ያው ብልቃጥ፣ ያው ዘንግ፣ ያው ሰዓት።

አማቴ ዓይናቸውን ወደ ዓይኔ አነሡ። እንዲያ አይተውኝ አያውቁም።

«የሚያቅለሸልሽሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሰረገላው ነው እኮ እማማ…»

«ትናንት ሰረገላ ላይ ነበርሽ?»

አልነበርኩም። ትናንት ሳሙና ሸትቶኝ ጓሮ ሮጬ ነበር። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ።

«የወር ልማድሽስ?»

«እኔ እንጃ» አልኳቸው። «መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ እኮ።»

ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «ልናገር?» አሉ። ማኅተማችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ንግሥቲቱ እየጠበቋቸው፣ እሳቸው እኔን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፈራሁ። ባይሆንስ? ተናግረን ውሸት ቢሆንስ? ሆኖ ደግሞ ቢቀርስ? ያቺ ወተት ሻጭ ምን ትለኛለች?

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አፍንጫዬ ዋሽቶሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው?»

ራሴን ዝቅ አድርጌ እሺታዬን ሰጠኋቸው።

አማቴ ወደ ንግሥቲቱ ዞሩ። «እመቤቴ፣ በእኛ ቤት ዘይት የሚመዘነው በአንዲት ሴት ክንድ ነው። ያቺ ሴት ስታረግዝ ክንዷን እናስረዋለን። ሰዉ ለክብሯ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ያረገዘች ሴት ቆዳ ሽቶ ይለውጣል፤ መራራውን ያጣፍጠዋል። በእሷ ላይ ልክ የመጣ ዘይት በሌላ ሰው ላይ ይመራል። አማቴ ናቸው ይሄን ያስተማሩኝ፣ እኔም በልጄ ላይ አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ዘይቱ ጣፈጠ እያልኩ መራራ ስጨምርበት ከረምኩ። ቅጠሉን ጠረጠርኩ፣ ነጋዴውን ጠረጠርኩ። ይህቺን ልጅ ግን…» አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ጨረሱት። «ይህቺን ልጅ ለመጠርጠር አልደፈርኩም። ተስፋ ሰጥቼ እንዳላሳዝናት ብዬ ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቃል ሳልጠይቃት ኖርኩ፤ መጠየቅ ባለብኝ ጊዜም ሳልጠይቃት ቀረሁ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

ለካ ዝምታቸው ያ ነበር! እንባዬ መጣ፣ በንግሥት እልፍኝ ውስጥ፣ በጉሮሮ ፊት። ይምጣ! አልኩ።

ንግሥቲቱ በጣታቸው ጠሩኝ። ቀርቤ ክንዴን ዘረጋሁላቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ ቀጥለው ሁለቱን ሲኒዎች ተመለከቱ፣ ደግሞ አሸተቱ።

«እነሆ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለታችንም አለን።»

ልዕልቲቱም መጥታ አሸተተችኝ። አፍንጫዋን ከክንዴ ሳታነሣ ቆየች።

«እህም… እህም…» አለ ጉሮሮ። «ይሁንና ዘይቱ የታዘዘው ለዚህች ሴት አይደለም።»

«እውነቱን ነው» አሉ አማቴ። «ሰሙንና ማጣፈጫውን ይዤዋለሁ። ልዕልቲቱ ክንዳቸውን ቢያውሱኝ እስኪመሽ ድረስ እዚሁ አስተካክለዋለሁ።»

«አይነካ» አለች ልዕልቲቱ።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

«በእኔ ላይስ?» ብላ ጠየቀች አማቴን። «አንድ ቀን እንዲህ ይጣፍጣል ማለት ነው?»

«ሲያረግዙ ይጣፍጣል እመቤቴ። ከባልዎም ከሐኪምዎም በፊት እሱ ያውቃል።»

ልዕልቲቱ ወደ እናቷ ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ሰው ፊት መሆኗን ረስታ እርስዎ ማለቱን ተወችው። «እማዬ፣ አንቺን ትቼ በምሄድበት ቀን ምን ይጣፍጠኛል? ይምረረኝ። የጣፈጠኝ ቀን ባዶ ብልቃጡን እልክልሻለሁ። መልእክተኛው ብልቃጥ ነው ብሎ ያመጣዋል፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ።»

ንግሥቲቱ የልጃቸውን ፀጉር ወደ ኋላ አስተካከሉላት። ሲያስተካክሉ፣ ሲያስተካክሉ፣ የተስተካከለውን ደግመው ሲያስተካክሉ ቆዩ። «ለእኔም ትንሽ አስቀሩልኝ» አሉ በመጨረሻ አማቴን። «በእኔ ላይ ከእንግዲህ አይጣፍጥም። ግድ የለም፣ እኔ መራራውን ለምጄዋለሁ።»

አማቴ ዘይቱን ለሁለት ከፈሉ። ንግሥቲቱ ማኅተሙን አንሥተው በገዛ እጃቸው አማቴ መዳፍ ላይ አኖሩት። ከዚያ ወደ ጉሮሮ ዞሩና «ለዚያ ሳል ሐኪም ታይ» አሉት። ሊመልስ አፉን ከፈተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልወጣለትም።

ስንመለስ ሰረገላው ውስጥ እንደ ጠዋቱ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሳጥኑ አሁንም አማቴ ጉልበት ላይ ነው፣ ግን አያቅፉትም። ድንገት ከፈቱትና ብልቃጡ ተጠቅልሎበት የነበረውን ነጭ ጨርቅ አወጡ። ዘረጉት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክር አለው።

«እማማ! ይሄ… ይሄ እኮ…»

«ብልቃጥ እንዳይሰበር የያዝኩት ጨርቅ ነው» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።

«ዛሬ ብቻ ነው የያዙት?»

ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ በመዳፋቸው አለሰለሱት።

«እማማ?»

«ከቤት በወጣሁ ቁጥር» አሉ። «አንቺ ከመጣሽ ጀምሮ፣ አብረን በወጣን ቁጥር። መንገድ ላይ ከሆነ፣ ሰው ቤት ከሆነ፣ በእጄ ይኑር ብዬ። አሁን አታስለፍልፊኝ፣ ክንድሽን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። ሳያስሩት በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አንሥተው አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «በቃ» አሉ። ከዚያ ጨርቁን ከአንጓዬ ጀምረው ዞር፣ ዞር እያደረጉ፣ እያንዳንዱን ዙር በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ እስከ ክርኔ ጠቀለሉትና ቋጠሩት። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ፈትተው መልሰው ቋጠሩት፤ መጀመሪያ ጠበቀ፣ ቀጥሎ ላላ።

ሰረገላው ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ጥድፊያ! ቀስ በል እንጂ!»

«እማማ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወደ ኋላ መሄዳችን ነው!»

«ወደ ኋላ ሂድ! ማን አስቸኮለህ?»

ጥድፊያ ምን እንደነካቸው ግራ ገብቶት ወደ ታች አጎነበሰና የታሰረውን ክንዴን አየ። ፈረሶቹን አቆማቸው። ቆቡን አወለቀ፣ ምንም ሳይል መልሶ አደረገው፣ ከዚያ ልክ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳ። በዚያ መንገድ ላይ አንድም ጉድጓድ አላጋጠመንም፤ ለካ መሸሽም ያውቅበታል።

«ራበኝ» አልኩ።

«ምን ትበያለሽ?»

«ሽንኩርት» አልኳቸው። «ሽንኩርት የበዛበት ማንኛውም ነገር።»

አማቴ ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ፈሰሰ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ ደግሞ ሳቁ፤ እጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር መጥረግ አልቻሉም። እስከ ቤት ድረስ ክንዴን አልለቀቁትም።